ጠጣር

ማንቆርቆሪያው ከበደኝ፣ ውሃ ሳይሞላበት፤
ነጭ ቅርፊት ለብሷል ከሆዱ እስከ አንገት።
እናቴ በማንኪያ ጫፍ ፋቅ ፋቅ አድርጋ
ትተወዋለች፤ ያድጋል፣ ሌሊቱ እስኪነጋ።

ከተማችን ትንሽ ናት፣ ከጎቢ በረሃ ዳር፣
ነፋስ አሸዋ ተሸክሞ ከደጃችን የሚያድር።
ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲወርድ
ከውሃ ቤቱ መስኮት ሰልፍ አለ፣ በበረዶው መንገድ፤
ጋሪ፣ ጀሪካን፣ አንዳንዴም ያረጀ ግመል፣
ገንዘቡን በጓንት የሚቆጥር፣ ጣቱ እንዳይቃጠል።
ሳሙናችን አረፋ አያውቅም፤ ይረጋል እንደ እርጎ፤
ሸሚዙን ያጠበ ሰው ይሰቅላል፣ ሳንቃ አድርጎ።

እኔ ኦዩንቢሌግ ነኝ። ሥራዬ መቁጠር።
አንድ መስኮት፣ አንድ ሚዛን፣ አፉ የተሸረፈ ብልቃጥ፣
የቧንቧውን ውሃ ቀድቼ ቀለም ጣል ሳደርግበት
እንደ ወይን ይቀላል። ከዚያ ትንፋሼን ውጥ፣
ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣
ቀዩ ድንገት ተገልብጦ ሰማይ እስኪመስል ድረስ።
ለስላሳ ውሃ ቶሎ ይሰማያል። የኛው ግን አይቸኩልም፤
ያስቆጥረኛል፣ ያስቆጥረኛል፣ እጄ እስኪደነዝዝ።

አለቃዬ ዳሽኒያም ቁጥሩን ያይና
እርሳሱን ከጆሮው ነቅሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ደኅና፣
«ልኩን ያለፈው ጥቂት ነው፤ እስቲ ወደ ታች ዝጊው።
ለአጥንት ይጠቅማል ደግሞ። ማን ሞተ? ማን ታመመ?» ነው።
ውሃ የማያነሳ ሰበብ፣
ስለ ውሃ፣
ከውሃ ቢሮ!

አባቴ ጎምቦጃቭ፣ በጉልበቱ ዘመን፣ ቆፋሪ ነበር።
የከተማውን ጉድጓድ የከፈተው እሱ ነው፣ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር፤
መቶ አርባ ሜትር፣ በኖራ ድንጋይ መሐል፣ ሁለት በጋ ሙሉ።
ውሃው የፈለቀ ለታ ሰዉ ባርኔጣውን ዘርግቶ ቀዳ አሉ።
እናቴ፣ ያኔ ገና ሙሽራ፣ የመጀመሪያውን ጭልፋ
ለአራቱ ማዕዘን ረጨች፣ ለሰማይ ድርሻውን ልትሰጥ፤
ቀሚሷ ላይ የደረቀው ነጭ ጠብታ
እስከ ዛሬም አልለቀቀ።

ዛሬ ያ ሰውዬ ጎኑን ይዞ ግድግዳ ይቧጥጣል።
ሐኪሟ ፊልሙን በመብራት አሳየችን፤ ሽምብራ ታህላለች፣ ነጭ።
«ከውሃው ነው?» አልኳት።
«ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም። ሥጋው አለ፣ ጨው አለ፣ ዘር አለ።
ብቻ ብዙ ውሃ ይጠጣ።»
የትኛውን? አላልኳትም።

ከዋና ከተማ በመኪና የመጣ የታሸገ ውሃ ገዛሁለት።
ተጎነጨ። አገላበጠው ባፉ። ለውሻው ሳህን ደፋለት።
«ይሄ የማን ልጅ ነው?» አለኝ። «ድንጋይ ሳይነካ የመጣ፣
አገሩን የማይናገር ውሃ፤ እንዴት አድርጌ ልጠጣ?»

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ወጣች።
አጠባትና በክብሪት ቀፎ አድርጎ ቢሮዬ ድረስ መጣ፣
ባርኔጣውን አውልቆ፣ እንደ ባለጉዳይ፣ በሩ ላይ፦
«ልኪልኝ።»

አሲድ አመጣሁ። መጀመሪያ የማንቆርቆሪያውን ቅርፊት።
አንዲት ጠብታ፤ ተንጫጫ፣ ፈላ፣ አረፋ ሆኖ ጠፋ።
ቀጥሎ የእሱን ጠጠር።
ጠብታው ተቀመጠባት። ዝም። ምንም።
«አየሽ?» አለ፣ ፊቱ በራ፣ «አንድ አይደሉም! ዘራቸው ለየቅል።
ጉድጓዴ አይደለም።»

ካልሲየም በሁለቱም ውስጥ እንዳለ ከንፈሬ ላይ ደርሶ
ቀረ። ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት።
መዝገቡን ስቤ የዕለቱን ቁጥር ጻፍኩ፣
ወደ ታችም ወደ ላይም ሳልዘጋ፤
ዳሽኒያም ነገ ያየዋል።

እሱ ጠጠሩን መልሶ ከቀፎው ከተተ፣
ኪሱን ዳበስ አደረገ።
«እናትሽ ሻይ አፍልታ ይሆን?» አለኝ።